የተንቀሳቀሰ ይሾማል

የከተማችንን ስም አልጽፍም። ስም የላትም ማለቴ አይደለም፤ የሚያውቃት ያውቃታል፣ የማያውቃትም ዛሬ ቢነግሩት ነገ ይረሳዋል። ከወንዝ በላይ ከኮረብታ በታች ያለች፣ ዝናብ የማይሰለቻት ከተማ ናት። በዚሁ ዝናብ ምክንያት እኔም ጃንጥላ እየጠገንኩ እኖራለሁ።

አንድ ክረምት የጠገንኩትን ጃንጥላ ለባለቤቱ ላደርስ ኮረብታው ሥር ወዳለው ረጅም ቤት ሄድኩ። ቤቱ የቡድሃን መንገድ የሚከተሉ ሰዎች ማኅበር ነው። ስገባ ሰዎቹ በየመከዳቸው ላይ እግራቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርገው፣ ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ባለጃንጥላውም መካከላቸው ነበር። እስኪነሣ ልጠብቀው ብዬ በሩ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ጃንጥላውን የሰጠሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ማኅበሩ ደመወዝተኛ የለውም። የሚጠርገው፣ ሻይ የሚያፈላው፣ አበባ የሚቀይረው ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ነው። በጎ ፈቃደኛ ባለበት ደግሞ አስተባባሪ ያስፈልጋል። አስተባባሪው እንዴት ይሾም የሚለውን መሥራቾቹ አስበውበት ሁለት ሕግ ትተው አልፈዋል። አንደኛው፣ ሹመት መጠየቅ ክልክል ነው፤ መጠየቅ ምኞት ነው፣ ምኞት ደግሞ የመከራ ሁሉ ሥር መሆኑን ቡድሃ አስተምሯል። ሁለተኛው፣ የተሰጠን ሹመት እምቢ ማለት ክልክል ነው፤ እምቢ ባይ ከመንገዱ ይልቅ የራሱን ምቾት ሙጥኝ ያለ ሰው ነውና። ታዲያ የማይጠየቅና እምቢ የማይባል ነገር በምን በኩል ለሰው ይደርሳል? መሥራቾቹ ለዚህም መላ ነበራቸው። ክፍት ቦታ ሲገኝ ሁሉም በዝምታ ይቀመጣል። ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይሾማል። የሹመቱ ስም የተቀረጸባት መዳፍ የምታህል ሰሌዳ በክር አንገቱ ላይ ትንጠለጠላለች፤ አበቃ።

ጋሽ ሻረው የጫማ አስተባባሪ የሆነው ሳል አምልጦት ነው። ወይዘሮ ትርንጎ የሻይ አስተባባሪ የሆነችው በርበሬ በሚፈጭበት ሰሞን አስነጥሷት ነው። ያን ቀን ማን እንዳስነጠሰ ለማየት ዓይኑን ቀና ያደረገ ሰው ነበር፤ ዓይንም የሰውነት ክፍል ነው ተባለና በሚቀጥለው ሳምንት ለሚከፈተው ቦታ በቅድሚያ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ በመቀመጫ ሰዓት ማንም ማንንም አያይም።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ደግሞ ወይዘሮ ደብሪቱ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ተቀምጣ ሳለ ሆዷ በጉልህ ዘለለ አሉ። ክርክሩ ሦስት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ የተንቀሳቀሰው ፅንሱ እንጂ እናቲቱ አይደለችም፣ ሕጉ ደግሞ "የተንቀሳቀሰ" ይላል እንጂ "የተወለደ" አይልም ተብሎ ተወሰነ። ልጅቱ የመከዳ አስተባባሪ ሆና ተወለደች። ዛሬ አምስት ዓመቷ ነው። ሰሌዳዋን አንገቷ ላይ አድርጋ መከዳ ላይ ትተኛለች፤ በሥራዋ ቅሬታ ቀርቦባት አያውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ፣ ሳል ያለበትም ቁንጫ የበላውም ሲሾም፣ የምሥራቅ መስኮት አስተባባሪ፣ የምዕራብ መስኮት አስተባባሪ፣ የወደቁ ቅጠሎች አስተባባሪ፣ ያልወደቁ ቅጠሎች አስተባባሪ ተገኙ። የዝምታ አስተባባሪም አለን፤ ድምፁ ከኮረብታው ማዶ ይሰማል። እኔ አራተኛ ዓመቴን ስይዝ ከአርባ አባላት ሠላሳ ዘጠኙ ሰሌዳ ነበራቸው። ሰሌዳ የሌለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ምክንያቱን ልናገር። አባላቱ ተመስጦዬ ጥልቅ ስለሆነ የማልንቀሳቀስ ይመስላቸው ነበር። አዲስ ሰው ሲመጣ በጣታቸው ያሳዩኝና "ያ ይታገሱ ነው፤ ዝንብ ከንፈሩ ላይ ብታርፍ እንኳ አይነቃነቅም" ይሉታል። እውነቱ ሌላ ነው። እኔ መከዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ጀልባ እሳፈራለሁ። ከከተማችን በታች ባለው ወንዝ፣ ማንም በሌለበት፣ ውኃው እየወሰደኝ እወርዳለሁ። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ይገለበጣል።

ሥራው ሁሉ የእኔ ነበር፤ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። የሚያስተባብሩ ሠላሳ ዘጠኝ ሲሆኑ የሚተባበር አንድ ሰው መኖሩ ቢያንስ ቢያንስ ተገቢ ነው። አቶ ልመንህ የሚባሉ ቀጭን ሰው የበጎ ፈቃደኞች አስተባባሪ ናቸው፤ ሕጉንም በቃላቸው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። በየወሩ ሪፖርት ሲያቀርቡ በብዙ ቁጥር ነው የሚጠሩኝ። "በጎ ፈቃደኞቻችን በዚህ ወር በከፍተኛ ተነሣሽነት ሠርተዋል። በሁለተኛው ሳምንት ግን ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ዝንጅብል ጠጥተው ተሽሏቸዋል" ይላሉ። የቀሩት እንዴት እንደሆኑ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ግቢ ስጠርግ ደግሞ እንዲህ ነው።

"ይታገሱ፣ ቅጠሏን ተዋት!" ትላለች ያልወደቁ ቅጠሎች አስተባባሪ ከጥላው ሥር ሆና። "ገና አልወደቀችም።"

"መሬት ላይ ናት እኮ፣ እመቤት።"

"ነፋስ እያንከባለላት አይደል? የሚንከባለል ነገር ወደቀ አይባልም። ሲቆም የእነሱ ነው።"

"ቆመች!" ይላል የወደቁ ቅጠሎች አስተባባሪ ከወዲያ ማዶ። "ጥረጋት፣ ይታገሱ! የእኔ ናት!"

"ገና ናት!"

"አንቺ ደግሞ ያንድ ቅጠል ነገር እንዲህ ካስጨነቀሽ ዛፉን ለምን አታቅፊውም!"

"አንተስ የሞተውን ሁሉ የእኔ ትላለህ፤ ቀባሪ ነህ እንዴ?"

እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ነፋሱ እስኪወስን እቆማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር ብል ያጋነንኩ እንዳይመስልብኝ። የሠላሳ ዘጠኝ ሰው ሐሳብ የሚያርፍበት አንድ መጥረጊያ መያዝ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ቀላል ነበር። ስጨርስ ጫማዎቹን በር ላይ በየጥንዳቸው አሰልፍና ገብቼ መከዳዬ ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ ወንዙ።

ነገሩ የተለወጠው እትዬ አያልነሽ ጉልበታቸው የደከመ ጊዜ ነው። እትዬ አያልነሽ የአስተባባሪዎች ሁሉ አስተባባሪ ነበሩ። የእሳቸው ሰሌዳ እንደ ሌላው መዳፍ የሚያህል ሳይሆን ትሪ የሚያህል ነው፤ ሲሰግዱ መሬቱን ቀድሞ የሚነካው እሱ ነበር። ሹመቱን ያገኙት ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ በዝምታው መካከል አንድ ነገር ትዝ ብሏቸው ስቀው ነው። ምን ትዝ እንዳላቸው እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

የዋናው አስተባባሪ ሥራ ሪፖርት መስማት ነው። ከአዳራሹ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ይቀመጣል፤ አስተባባሪዎቹ ተራ በተራ እየገቡ ያወራሉ፤ እሱ ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ጋሽ ሻረው ስለ አንድ የላላ የጫማ ማሰሪያ ከጠዋት እስከ ምሳ ማውራት ይችላል። እናም ዋና አስተባባሪ የሆነ ሰው አዳራሽ ውስጥ አይቀመጥም። እትዬ አያልነሽ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን መከዳ ላይ አልተቀመጡም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍላቸውን ልጠርግ ስገባ ጉልበታቸውን እያሹ አገኘኋቸው።

"በቃኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "ሰሌዳውን እመልሳለሁ። ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ቀን አንድ እንግዳ መነኩሴ እመጣለሁ ብለው ልከዋል፤ ከዚያ በፊት በጠዋቱ ቁጭ ትሉና ሰው ይገኛል።"

"ማን ይሆን?" አልኩ።

"ማንም ይሁን፤ አንተ አትሆንም። አንተማ ድንጋይ ነህ። ከዚያ ሁሉ ሰው ስለ አንተ ብቻ ነው የማልሰጋው።"

ይህን ሲሉኝ ሆዴ አልችል አለ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ "እትዬ፣ እኔ እኮ ተመስጦ ላይ አይደለሁም" አልኳቸው። ስለ ጀልባው ነገርኳቸው። ስለ ወንዙ፣ በግራ በኩል ስላለው ሸንበቆ፣ ውኃው ላይ ስላጎነበሰው ትልቅ ሾላ። ሾላው ጋ ወንዙ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ወዲያ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ስደርስ ደወል ይደወላል።

እትዬ አያልነሽ ሪፖርት እንደሚሰሙት ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም፣ "ዓሣ አለው?" አሉ።

"አላየሁም።"

"በጀልባ እየሄድክ ዓሣ አለማየት ምን ዓይነት መፍዘዝ ነው!" አሉና ሳቁ። ሰሌዳው ደረታቸው ላይ ቋ፣ ቋ አለ። ሲረጋጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማንም እንዳትናገር። ያቺን መታጠፊያ ስታልፋት ግን ምን እንዳለ ንገረኝ። እኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጫማ ማሰሪያ ነው የሰማሁት።"

ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ምንም የምፈራው ነገር አልነበረኝም። አሁን ግን ትሪ የሚያህለው ሰሌዳ አንገቴ ላይ ቢወድቅ ምን እንደማጣ በግልጽ ታየኝ፤ መጥረጊያዬን፣ መከዳዬን፣ ወንዜን። ሾላው ጋ እንደ ደረስኩ እቀር ነበር።

የፈራሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ትልቁን ሰሌዳ የሚፈልግ ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ቢኖርም መፈለግ ክልክል ነው። በሙሉ ጨረቃዋ ዕለት ጠዋት ሁሉም እንደ ዘማች ተሰናድቶ መጣ። ወይዘሮ ትርንጎ አፍንጫዋን በጥጥ ደፍናለች። ጋሽ ሻረው ሳሉን እንዲያስታግስለት ማር በብርጭቆ ጠጥቶ ከንፈሩ ተጣብቋል። የዝምታ አስተባባሪው ቁንጫ እንዳይደርስበት እግሩን ከረጢት ውስጥ አስገብቷል። አቶ ልመንህ ቀበቷቸውን ከምሰሶ ጋር አስረዋል። እንዳይወድቁ ነው አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ልጇን ከጎረቤት ትታ መጥታለች፤ አንድ ሰሌዳ ይበቃታል ብላ። እትዬ አያልነሽ ሰሌዳቸውን አውልቀው ከቡድሃ ምስል ፊት አኖሩና እነሆ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ መከዳ ላይ ተቀመጡ፤ ከእኔ በስተቀኝ። ተሰናባች ስለሆኑ በዚያ ቀን ቢንቀሳቀሱም አይቆጠርባቸውም። እሳቸው ግን ከሁላችንም በላይ ጸጥ አሉ።

ደወሉ ተደወለ። ተቀመጥን።

እዚህ ላይ ማንም አስቀድሞ ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። መቀመጫው ሲያበቃ ደወል ይደወላል፤ ደወል ለመደወል ግን የደወል አስተባባሪው እጁን ማንሣት አለበት። እጁን ካነሣ ተንቀሳቀሰ። እናም አላነሣም። ሰዓቱ ደረሰ፣ ሰዓቱ አለፈ። በምሥራቁ መስኮት የገባችው ፀሐይ ወለሉን እየዳሰሰች፣ የሁላችንንም ጉልበት በየተራ እያሞቀች ሄደች። የምሥራቅ መስኮት አስተባባሪ መጋረጃ መሳብ ነበረበት፤ አልሳበም። ምድጃው ላይ የተጣደው ሻይ ፈልቶ፣ ገንፍሎ፣ እሳቱን አጥፍቶ ሲጨርስ በጆሯችን ተከታተልነው። ምሳ ሰዓት አለፈ። የሠላሳ ዘጠኝ ሰው ሆድ ጮኸ፤ የሆድ ጩኸት ድምፅ እንጂ እንቅስቃሴ ስላልሆነ በሕጉ አያስይዝም።

ከዚያ ዝናቡ መጣ።

እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመችቶኝ አያውቅም። ደወል የለም። ጀልባው በዝግታ ወረደ። ሸንበቆውን አለፍኩ፤ ሾላው በሩቁ ታየኝ፤ ቀረብኩት፤ ቅርንጫፉ ከራሴ በላይ አለፈ። የጀልባው አፍንጫ ወደ መታጠፊያው መዞር ጀመረ።

በሩ ተንኳኳ።

እንግዳው መነኩሴ ናቸው፤ ወደ ማታ ይደርሳሉ ተብለው ሲጠበቁ ቀድመው መጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተንኳኳ፤ ማንም ለእኔ ሲል አይቸኩል እንደሚል ሰው፣ በጨዋ ደንብ። የእንግዳ አቀባበል አስተባባሪ አለን፤ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ወለሉን አዩ።

እኔም ወለሉን አየሁ። ጀልባው ግማሹ ታጥፏል። አንድ ሌላ ሰው ይነሣ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እያልኩ ነበር። ሦስተኛው ማንኳኳት ሲመጣ ግን ከማንኳኳቱ ይልቅ ሌላ ነገር ጆሮዬ ገባ። ዝናብ በጃንጥላ ላይ ሲያርፍና በሰው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይለያያል፤ ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ከበሩ ውጭ ያለው ዝናብ የሚያርፈው በሰው ላይ ነበር። በሽማግሌ ሰው ላይ፤ ያውም ባልተሸፈነ ራስ።

ተነሣሁ። እግሮቼ ደንዝዘው የራሴ አይመስሉም ነበር፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ደረስኩ። መወርወሪያውን ሳብኩና በሩን ከፈትኩ። ቢጫ መጎናጸፊያቸው ከገላቸው የተጣበቀ፣ የምጽዋት ሳህናቸውን አቅፈው የቆሙ አንድ ትንሽ ሰው ነበሩ። ሳህኑ በዝናብ ውኃ ሞልቷል።

"ይግቡ፣ አባታችን" አልኳቸው።

በሩ ሲጮህ አዳራሹ ፈረሰ። ወይዘሮ ትርንጎ ጥጡን ነቅላ ሰባት ጊዜ አስነጠሰች። ጋሽ ሻረው ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀመውን ሳል ለቀቀው። የሚያክከው አከከ፣ የሚፍታታው ተፍታታ፣ ከከረጢት ለመውጣት የሞከረው ወደቀ፤ አቶ ልመንህም ከነምሰሶው ሊነሡ ሞከሩ። "ተገኘ! ተገኘ!" ይባባላሉ። እንግዳው በራፉ ላይ እንደቆሙ ፈገግ ብለው ይህን ሁሉ አዩ።

ትልቁ ሰሌዳ ከቡድሃ ምስል ፊት ተነሣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ክሩን ዘርግታ ወደ አንገቴ ስትመጣ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። እምቢ አይባልም። ወንዙን በልቤ ተሰናበትኩት።

"ቆይ" አሉ አቶ ልመንህ። ዓይናቸው በሩ አጠገብ በተደገፈው መጥረጊያዬ ላይ ነበር። "ይታገሱ ዋና አስተባባሪ ከሆነ ... የእኔ በጎ ፈቃደኞች የት ይገባሉ?"

ሠላሳ ዘጠኝ ሰው መጥረጊያውን አየ። መጥረጊያው ዕለቱን የረዘመ ይመስል ነበር።

"ሻዩን ማን ያፈላል?" አለች ወይዘሮ ትርንጎ በቀስታ።

"አንቺ የሻይ አስተባባሪ አይደለሽ እንዴ?" አላት ጋሽ ሻረው።

"ማስተባበርና ማፍላት አንድ ነው እንዴ? አንተ ጫማ ታስተባብራለህ፤ አንድ ቀን አንድ ጫማ ስታነሣ ያየህ አለ?"

"ሕግ ሕግ ነው" አለ የዝምታ አስተባባሪው፣ መስኮቶቹ ተርገበገቡ። "ቀድሞ የተንቀሳቀሰ ይሾማል።"

ይሄኔ እትዬ አያልነሽ ከመከዳቸው ሳይነሡ፣ "መልካም" አሉ። "ሕጉ ምስክር ይፈልጋል። ይታገሱ ቀድሞ ሲንቀሳቀስ ያየ ማን ነው?"

አሥር ሰው አፉን ከፈተ፤ አሥር ሰው አፉን ዘጋ። ያየ ሰው ዓይኑን ቀና አድርጎ ነበር ማለት ነው። ዓይኑን ቀና ያደረገ ደግሞ ተንቀሳቅሷል፤ ያውም በሩ ከመከፈቱ በፊት። መዋሸት በቡድሃ መንገድ ክልክል ነው፤ ዝም ማለት ግን አልተከለከለም። ዝም አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ተነሥቻለሁ። መዋሸት አልችልም።"

"ዝም በል!" አሉኝ አቶ ልመንህ በደስታ። "ሹመት መጠየቅ ክልክል ነው! ይኸው በአደባባይ ጠየቀ! የራሱ ቃል አይያዝም።"

"አልጠየቅሁም፤ እውነቱን ነው የ..."

"እንደገና ጠየቀ!" አሉ ሁለቱ የቅጠል አስተባባሪዎች ባንድ አፍ። በአንድ ነገር ሲስማሙ ያን ቀን ብቻ ነው ያየኋቸው።

እትዬ አያልነሽ ወደ እንግዳው ዞሩ። "አባታችን፣ ገና ሳያርፉ ላስቸግርዎ ነው። ከእርስዎ በቀር ዓይኑን የገለጠ ሰው በዚህ ቤት አልነበረም። ሲያንኳኩ ቀድሞ ሲንቀሳቀስ ያዩት ምንድን ነው?"

እንግዳው አሰቡ። ከአገጫቸው ውኃ ይንጠባጠባል።

"በሩ" አሉ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ይሄ ሰው ከኋላው ታየ።"

"ማን ቀደመ?"

"በሩማ ቀደመ።"

አቶ ልመንህ ጣታቸውን አነሡ። "በደብሪቱ ልጅ ጊዜ የተወሰነው ይታወሳል። ሕጉ 'የተንቀሳቀሰ' ይላል እንጂ 'የተወለደ' አይልም።" የተቃወመ አልነበረም። ትልቁን ሰሌዳ በምስማር በሩ ላይ ሰቀልነው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። በሩ እምቢ አላለም።

እንግዳው ሦስት ቀን ሰነበቱ። ትምህርት እንዲሰጡን ስንለምናቸው ሳህናቸውን አሳዩንና ማድረቂያ ጨርቅ ጠየቁ። ሲሄዱም ዝናብ ስለነበር አንዱን የጠገንኩትን ጃንጥላ አዋስኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ሪፖርት የሚቀርበው ለበሩ ነው። አስተባባሪዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ፊቱ ይቆማሉ። በሩ አያቋርጥም፣ አያዛጋም። ጋሽ ሻረው በመጀመሪያው ቀን ስለ ጫማዎቹ መዘበራረቅ ሲያስረዳው ዋለ፤ ጫማዎቹ በሩ ሥር ስለነበሩ፣ "ይኸውልህ ይሄኛው፣ ይኸውልህ ያኛው" እያለ እያነሣ ሲያሳይ ሳያስበው አሰለፋቸው። ወይዘሮ ትርንጎ ሻይ ይፈላ እንደሆነ ጠይቃው ነፋስ ገፋ ሲያደርገው ተስማማ ብላ ሄዳ አፈላች፤ ትንሽ ጨው ጣል አርጋበታለች። የዝምታ አስተባባሪው ብቻ በሩ ይጮሃል ብሎ አቤቱታ አቀረበ፤ ለበሩ ነው ያቀረበው። እኔ በማግስቱ ማጠፊያውን ዘይት ቀባሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ተጨመረ። በር ለመክፈት የሚነሣ ሰው እንቅስቃሴው የራሱ ሳይሆን የበሩ እንደሆነ አቶ ልመንህ አስወሰኑ፤ አለበለዚያ ውሳኔው ይፈርሳል። ስለዚህ በመቀመጫ ሰዓት ያለ ሹመት መንቀሳቀስ የሚቻለው በር ሲንኳኳ ብቻ ሆነ። እግሩ የደነዘዘ፣ ጀርባው የበላው ሁሉ ጆሮውን በሩ ላይ ጥሎ ይቀመጣል። በአገሩ እንደ እኛ እንግዳ የሚቀበል ቤት የለም ይሉናል።

ባለፈው ሳምንት ተቀምጠን ሳለ ተንኳኳ። ሰባት ሰው ተነሣ። ሁለቱ በመካከል ተጋጩ፤ ጋሽ ሻረው ቀድሞ ከፈተ። ለእንግዳው መነኩሴ ያዋስኩትን ጃንጥላ ሊመልስ የተላከ አንድ ሰው ነበር። ባለቤቱ የቱ ነው ሲል ወደ እኔ አሳዩት፤ እስክነሣ ሊጠብቀኝ በሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔ አልተነሣሁም፤ ሾላውን እያለፍኩ ነበር።

ደወሉ ሲደወል እትዬ አያልነሽ ከጎኔ ጠጋ አሉ። ሰሌዳ ስለሌላቸው ድምፅ ሳያሰሙ ነው የሚጠጉት።

"ታጠፍክ?"

"ታጠፍኩ።"

"እህ! ምን አለ?"

"እርስዎ አሉ። ዳር ላይ እግርዎን ውኃ ውስጥ ነክረው፣ የመንጠቆ ዘንግ ይዘው ተቀምጠዋል።"

"ያዝኩ?"

"ገና ነው።"

"እንግዲያው ምን ያስለፈልፍሃል" አሉኝ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ እየመለሱ፣ "ዝም በል፤ ዓሣው ይሰማል።"